ጥርስ የሚለካው ሚሊሜትር፦ የፒፓ መምጠጫ ምቾትና የንድፍ ኀላፊነት

(በፋኩልቲው ሕዝባዊ የትምህርት ገለጻ መርሐ ግብር የቀረበ ንግግር። ለንባብ እንዲመች መጠነኛ እርማት ተደርጎበታል።)



የዛሬው ርእሴ በሰሌዳው ላይ ሲለጠፍ ብዙዎቻችሁ ፈገግ ማለታችሁን ሰምቻለሁ። አንድ ባልደረባዬ ደግሞ «ማጨስ በሕግ በተከለከለበት ግቢ ስለ ፒፓ ልታስተምር ነውን?» ብሎ ጠይቆኛል። ጥያቄው ተገቢ ስለሆነ አልሸሸውም። ሆኖም መልሱ ትርጉም የሚኖረው ነገሩን ከመረመርን በኋላ ስለሆነ ወደ ፍጻሜው እመለስበታለሁ። አስቀድሜ ግን ይህን ርእስ ለምን እንደመረጥሁ ልናገር።

የንድፍ ትምህርት ስናስተምር ምቾትን ብዙ ጊዜ በመጨረሻው ምዕራፍ እናስቀምጠዋለን። መጀመሪያ ጥንካሬ ይሰላል፣ ቀጥሎ አሠራሩ ይወሰናል፣ ዋጋው ይገመታል፤ ምቾት ግን ቤት ተሠርቶ ካለቀ በኋላ እንደሚቀባ ቀለም ይታሰባል። እኔ ዛሬ የምከራከረው የዚህን ተቃራኒ ነው። ምቾት የሚወሰነው ከመጀመሪያው መስመር ጀምሮ፣ በጥቂት የሚሊሜትር ክፍልፋዮች ውስጥ ነው። ይህን ለማስረዳት በእጅ ከሚሠራ ፒፓ መምጠጫ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። ምክንያቱም መምጠጫው በጥርስ ይያዛል፣ በከንፈር ይታቀፋል፣ በምላስ ይዳሰሳል፤ ከሰው አካል ውስጥ ደግሞ እንደ አፍ ጥንቁቅ ዳኛ የለም። ከእንጀራ ጋር የገባች አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ዐይን ሳያያት ጥርስ እንደሚያገኛት ሁላችንም እናውቃለን።

የአባቴ ፒፓ

አባቴ የጂኦግራፊ መምህር ነበሩ። በወጣትነታቸው ለትምህርት ወደ ውጭ ሀገር ሄደው ሲመለሱ ሁለት ነገር ይዘው መጡ፤ አንድ ሣጥን መጻሕፍትና አንድ ፒፓ። እኔ ለአቅመ ማስተዋል ስደርስ የፒፓው መምጠጫ ጥቁርነቱ ለቅቆ ወደ አረንጓዴ ያዘነበለ ቡናማ ሆኖ ነበር፤ ጫፉም ላይ ከላይና ከታች የጥርስ አሻራ ጎድጉዶ ይታይ ነበር።

የምሕንድስና ሦስተኛ ዓመት ተማሪ ሳለሁ አዲስ መምጠጫ ሠርቼ ላስደስታቸው አሰብሁ። ከወርክሾፑ ቁርጥራጮች መካከል ወፍራም አክሪሊክ አገኘሁ፤ በቶርኖ አዞርሁት፣ በትራፓኖ 3 ሚሊሜትር ቀዳዳ ከዳር እስከ ዳር በሳሁት፣ ጫፉን በሞረድ አሳስቼ 5.5 ሚሊሜትር ላይ አቆምሁ፤ ማእዘኖቹንም ሥዕሉ ላይ እንዳሉት ቀጥ ያሉና ስለታም አድርጌ ተውኋቸው። በካሊፐር ሲለካ ስሕተት አልነበረበትም። ሳስወለውለው እንደ መስታወት ያበራ ነበር።

አባቴ በደስታ ተቀበሉኝ፤ መርቀውኝም አንድ ምሽት አጨሱበት። በማግስቱ አሮጌውን መምጠጫ መልሰው ገጥመውት አገኘኋቸው። ለምን እንደሆነ ስጠይቃቸው «ልጄ፣ ሥራህ ያማረ ነው፤ አፌ ግን እንግዳ መጣብኝ ይለኛል» አሉኝ።

ይህች ዓረፍተ ነገር የተማርሁትን ያህል አስተምራኛለች። እኔ የለካሁት ሥዕሉን ነበር፤ እሳቸው የለኩት ደግሞ እኔ ያልሣልሁትን ነው። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት የፒፓ ሠሪዎችን አሠራር መመርመር የጀመርሁት ያ መምጠጫ የት የት እንደ ሳተ ለማወቅ ነው። ቢያንስ በአምስት ቦታ ስቷል። እነዚያን ስሕተቶች አንድ በአንድ ላሳያችሁ።

ስለ ክፍሎቹ ስያሜ

ለመግባባት ያህል ስሞቹን እንወስን። ትምባሆው የሚነድበትን ክፍል ጎድጓድ፣ ከጎድጓዱ የሚወጣውን የእንጨት ክፍል አንገት፣ ወደ አፍ የሚገባውን ተነቃይ ክፍል መምጠጫ እላለሁ። የቧንቧ ሠራተኞች ወንዴና ሴቴ እንደሚሉት፣ የመምጠጫው ወንዴ ወደ አንገቱ ሴቴ ይገባል። በመምጠጫው ውስጥ ጢሱ የሚያልፍበትን ቀዳዳ ቦይ፣ ጫፉ ላይ ከጥርስ ኋላ የሚያርፈውን ከፍታ ጉብታ ብያለሁ።

ጎድጓዱና አንገቱ በአብዛኛው የሚሠሩት በሜድትራኒያን ባሕር ዙሪያ ከሚበቅል ኤሪካ አርቦሪያ ከሚባል ዛፍ ሥር አካባቢ ከሚገኝ እጢ መሰል እብጠት ነው። ይህ ዛፍ ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ በሰሜን ተራሮችና በባሌ ከፍታዎች ላይ የምናውቀው አስታ ነው። በፈረንሳይ ጁራ ተራሮች የምትገኘው ሴን ክሎድ ከተማ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ጀምሮ በዚህ እንጨት በሚሠሩ ፒፓዎች ታውቃለች። እንጨቱ እሳትን በመቋቋሙ ብዙ ተወርቶለታል። ይሁን እንጂ አጫሹ ከእንጨቱ ይልቅ የሚኖረው ከመምጠጫው ጋር ነው፤ እንጨቱን እጁ ይነካዋል፣ መምጠጫውን ግን አፉ ይሸከመዋል።

የመጀመሪያው ስሕተት፦ ውፍረት

መምጠጫ በጥርስ የሚያዝበት ቦታ ከጉብታው ቀጥሎ ወዲህ ያለው ጠፍጣፋ ክፍል ነው። በጥንቃቄ የሚሠሩ የእጅ ባለሙያዎች ይህን ቦታ ወደ 4 ሚሊሜትር ገደማ ያደርሱታል፤ በብዛት የሚመረቱት ግን ብዙ ጊዜ ከዚያ ይወፍራሉ። እኔ የሠራሁት 5.5 ሚሊሜትር ነበር። የአንድ ሚሊሜትር ተኩል ልዩነት በወረቀት ላይ ኢምንት ይመስላል፤ በአፍ ውስጥ ግን መንጋጋው በእያንዳንዱ ደቂቃ ያንን ያህል ተከፍቶ እንዲቆይ ይገደዳል። ለአንድ ጊዜ ቢሆን ምንም አይደለም። ለአንድ ሰዓት ሲሆን ግን ጡንቻው ይደክማል፤ ሰውየውም ድካሙ ከየት እንደመጣ ሳያውቅ ፒፓውን ከአፉ ያወጣል።

እዚህ ላይ የአካላችንን አሠራር ማስታወስ ይገባል። ጥርስ በአጥንቱ ውስጥ የተተከለው በቀጥታ ሳይሆን በስስ የጅማት ሽፋን ተንጠልጥሎ ነው። ያ ሽፋን ግፊትን በሚለዩ ነርቮች የተሞላ በመሆኑ፣ በሁለት ጥርሶች መካከል የገባን ከሰው ጸጉር የቀጠነ ነገር እንኳ ሳይቀር ይለያል። የምላስ ጫፍም እንዲሁ በአንድና በሁለት ሚሊሜትር ርቀት ያሉ ሁለት ነጥቦችን ለይቶ ያውቃል። በመሆኑም «ትንሽ ነው፣ አይታወቅም» የሚለው የወርክሾፕ አነጋገር በእጀታ ላይ ሊሠራ ይችላል፤ በመምጠጫ ላይ ግን አይሠራም።

ታዲያ ለምን ይበልጥ አናቀጥነውም? 3 ሚሊሜትር ብናደርገውስ? የሚከለክለን ቦዩ ነው። ጠቅላላው ውፍረት 4 ሚሊሜትር ሆኖ የቦዩ ከፍታ 1.5 ሚሊሜትር ከሆነ ከላይና ከታች የሚቀረው ግድግዳ እያንዳንዱ 1.25 ሚሊሜትር ብቻ ነው። ከዚህ በታች ከወረድን ጥርስ ግድግዳውን ሊበሳው ይችላል። እንግዲህ የንድፍ ችግር የሚባለው ይህ ነው፤ መንጋጋ ቀጭን ይፈልጋል፣ ትንፋሽ ሰፊ ይፈልጋል፣ ቁሱ ደግሞ ወፍራም ግድግዳ ይፈልጋል። ሦስቱም የሚከራከሩት በ4 ሚሊሜትር ውስጥ ነው። ባለሙያው ከሦስቱ አንዱን አያሸንፍም፤ ያስታርቃቸዋል እንጂ።

ሁለተኛው ስሕተት፦ ጉብታው

ጉብታው መምጠጫው ከጥርስ እንዳያመልጥ የሚይዝ መቆሚያ ነው። ከጥርስ ኋላ ስለሚያርፍ ከፍታው በየበኩሉ አንድ ሚሊሜትር ቢሆን ይበቃዋል። ከዚያ በላይ ሲሆን ምላስ ያለማቋረጥ ይጋጨዋል፤ ሲያንስ ደግሞ ጥርስ መያዣ ስለሚያጣ ሰውየው አጥብቆ ይነክሳል። አጥብቆ መንከስ መንጋጋን ከማድከሙም በላይ መምጠጫውን ይጎዳል።

እኔ ጉብታውን በዘጠና ዲግሪ ማእዘን ቀጥ አድርጌ ቆርጬው ነበር። በጥርስ በኩል ያለው ገጽ ቀጥ ማለቱ ልክ ነው፤ ጥርስ የሚደገፍበት ግድግዳ ያስፈልገዋልና። ስሕተቱ በሌላው ወገን ነበር። ወደ ምላስ የሚዞረው ገጽና የግራና የቀኝ ጫፎቹ መድበስበስ፣ ቀስ ብለው ዝቅ ማለት ነበረባቸው። በተጨማሪም ጎኖቹ ከከንፈር ቅርጽ ጋር አልተስማሙም። ከንፈር ሲገጥም በመሐሉ ወፈር ያለ፣ በዳርና በዳሩ የሳሳ ክፍተት ይተዋል። መምጠጫው ይህን ክፍተት እንዲሞላ ቁመታዊ ቅርጹ እንደ ምስር ፍሬ ከመሐል ወፍሮ ወደ ዳር መሳሳት ይገባዋል። የእኔው እንደ ማስመሪያ ጠፍጣፋ ስለነበር በከንፈሩ ጥግና በመምጠጫው ጎን መካከል አየር ይገባ ነበር።

ሦስተኛው ስሕተት፦ ቦዩ

ከሁሉ የሚበልጠው ስሕተቴ በዐይን የማይታየው ነበር። 3 ሚሊሜትር ቀዳዳ ከዳር እስከ ዳር መብሳት ለትራፓኖ ቀላል ነው፤ ለትንፋሽ ግን ከባድ ነው። ፒፓ የሚጨስበት የትንፋሽ ፍጥነት ዝግተኛ ስለሆነ ጢሱ በቦዩ ውስጥ የሚፈሰው በአብዛኛው ሳይበጠበጥ፣ ተደራርቦ ነው። በእንዲህ ያለው ፍሰት ተቃውሞው ከቀዳዳው ወርድ አራተኛ ርቢ ጋር በተገላቢጦሽ ይሄዳል። ስለዚህ ቦዩን ከ4 ሚሊሜትር ወደ 3 ብናጠብበው ተቃውሞው በሲሶ አይጨምርም፤ ከሦስት እጥፍ በላይ ይሆናል እንጂ። ሲሰላ 4 ለ3 ሲካፈል የሚገኘው በአራተኛ ርቢ 3.16 ነው። አባቴ በአንዲት ሚሊሜትር ምክንያት ሦስት እጥፍ ይስቡ ነበር ማለት ነው። አጥብቀው ሲስቡ ትምባሆው አብልጦ ይነዳል፤ አብልጦ ሲነድ ጢሱ ይግላል፤ የጋለውም ጢስ ምላስን ይለበልባል። ምላሳቸው የተለበለበው እኔ ቀዳዳ በማጥበቤ ነው።

ባለሙያዎች በአብዛኛው ከ3.5 እስከ 4 ሚሊሜትር የሆነ ክብ ቦይ ይበሳሉ። ነገር ግን ክብ 4 ሚሊሜትር ቦይ ውፍረቱ 4 ሚሊሜትር በሆነ ጫፍ ውስጥ ሊገባ አይችልም። ስለዚህ ቦዩ ወደ ጫፉ ሲቃረብ ከፍታው ዝቅ እያለ ወርዱ መስፋት አለበት። ክብ 4 ሚሊሜትር ቦይ ስፋቱ 12.6 ካሬ ሚሊሜትር ያህል ነው፤ ከፍታው 1.5 ወርዱ 9 ሚሊሜትር የሆነ ጠፍጣፋ ቀዳዳ ደግሞ 13.5 ካሬ ሚሊሜትር ይሆናል። አንድ ተማሪ እዚህ ላይ ሲደርስ «ስፋቱ ከተስተካከለ ጉዳዩ አለቀ» ይላል። አላለቀም። ጠፍጣፋ ቀዳዳ ግድግዳው ለጢሱ ስለሚቀርብ፣ በእኩል ርዝመት ሲታይ ከክቡ ከሁለት እጥፍ ተኩል በላይ ይቃወማል። መፍትሔው ሁለት ነው፤ ጠፍጣፋውን ክፍል ማሳጠርና በአፉ በኩል እንደ ማራገቢያ እየሰፋ እንዲሄድ ማድረግ። ባለሙያው በቀጭን ሞረድና በመርፌ መሰል መጋዝ ሰዓታት የሚያጠፋው በዚህ ሥራ ላይ ነው። ማንም አያየውም፤ ሁሉም ግን ይስበዋል።

ቦዩን በሚመለከት ሌላም ነገር አለ፤ እርጥበት። ትምባሆ ሲነድ እንፋሎት ይወጣል፤ እንፋሎቱም ወደ ቀዝቃዛው መምጠጫ ሲደርስ ወደ ውሃነት ይለወጣል። ቦዩ በድንገት የሚጠብብበት ወይም የሚሰፋበት ደረጃ ካለው ውሃው በዚያ ይከማቻል፤ በእያንዳንዱ ስበትም ይንቦጫረቃል። ወንዴው ከሴቴው ወለል ሳይደርስ ሲቀር የሚፈጠረው ክፍተትም እንዲሁ ያለ ጉድጓድ ነው። ስለዚህ ጥሩ ባለሙያ የወንዴውን ርዝመት ከሴቴው ጥልቀት ጋር እጅግ ያቀራርባል። የሀገራችን ጋያ ይህን ጉዳይ በሌላ መንገድ ፈትቶታል፤ ውሃውን ከመሸሽ ይልቅ ጢሱን አስቀድሞ በውሃ ውስጥ ያሳልፈዋል። የደብሊኑ ፒፓ ሠሪ ቻርልስ ፒተርሰን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1890 ባስመዘገበው ፈጠራ እርጥበቱ የሚጠራቀምበት ጉድጓድ ሆን ብሎ በአንገቱ ውስጥ አበጀለት፤ በ1898 ደግሞ የመምጠጫው ቀዳዳ በጫፉ ሳይሆን ወደ ላይ እንዲከፈት አደረገ። ጢሱ በምላስ ፈንታ ወደ ላንቃ እንዲሄድ ነበር ሐሳቡ። ይህን መምጠጫ የሚወዱትም የሚጠሉትም አሉ። ለእኛ ትምህርት የሚሆነው ግን ሰውየው ቅሬታውን ከምላስ ጀምሮ ወደ ኋላ ተከትሎ እስከ ቀዳዳው አቅጣጫ መድረሱ ነው።

አራተኛው ስሕተት፦ ክብደት

እጅ ሥራ ላይ በሚሆንበት ጊዜ ፒፓ በጥርስ ተንጠልጥሎ ይቆያል። ይህን በምሳሌ እናስላው። ፒፓው 45 ግራም ይመዝን፤ የክብደቱ ማእከል ከጥርስ 10 ሴንቲሜትር ይራቅ። የላይኛውና የታችኛው ጥርስ መምጠጫውን የሚነኩባቸው ሁለት ነጥቦች በርዝመቱ አቅጣጫ 8 ሚሊሜትር ብቻ ይራራቁ እንበል። በመፈንቅል ሕግ መሠረት በውስጠኛው ነጥብ ላይ የሚያርፈው ጫና የክብደቱ አሥራ ሁለት እጥፍ ተኩል፣ ማለትም ወደ 560 ግራም ይሆናል። ፒፓው የታጠፈ ሆኖ ጎድጓዱ ወደ አገጭ ቢቀርብና ርቀቱ 7 ሴንቲሜትር ቢሆን ጫናው ወደ 390 ግራም ይወርዳል። ክብደቱ ሳይቀነስ ቅርጹ ብቻ ተለውጦ አንድ ሦስተኛ የሚጠጋ ሸክም ከመንጋጋ ወረደ ማለት ነው።

እኔ የሠራሁት መምጠጫ ከአሮጌው ሁለት ሴንቲሜትር ይረዝም ነበር። መልኩን ስለወደድሁት ነው ያስረዘምሁት። መልክ ለዐይን የሰጠውን ከጥርስ ወሰደ።

አምስተኛው ስሕተት፦ ቁሱ

ከ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በፊት መምጠጫ ከቀንድ፣ ከአጥንትና ከአምበር ይሠራ ነበር። ቀንድ ለእኛ የቅርብ ዘመድ ነው፤ ዋንጫ የሠራ ባለሙያ በሙቀት እንደሚለሰልስ፣ በእርጥበት ብዛት ደግሞ እንደሚሰነጣጠቅ ያውቃል። አምበር ውብ ነው፤ ግን ይሰበራል።

ይህን የለወጠው ጎማ ነው። ቻርልስ ጉድይር ጎማን ከድኝ ጋር በሙቀት በማዋሐድ እ.ኤ.አ. በ1844 የፈጠራ መብት ካገኘ በኋላ፣ ወንድሙ ኔልሰን ጉድይር በ1851 ድኙ እጅግ የበዛበትን ጠንካራውን ዓይነት አስመዘገበ። ይህ ቁስ ኤቦናይት ይባላል። ጠንካራ ቢሆንም ለጥርስ ጥቂት ይሸነፋል፤ ለዚህም ነው ብዙዎች የሚወዱት። ጉድለቱ ደግሞ ከዚያው ከድኙ ይመጣል። ብርሃንና እርጥበት ሲያገኘው ገጹ ወደ ቡናማ አረንጓዴ ይለወጣል፤ መራራ ጣዕምም ያመጣል። አክሪሊክ በአንጻሩ ቀለሙን አይለቅም፣ ጣዕም የለውም፣ እንክብካቤም አያበዛም፤ ነገር ግን ለጥርስ አይሸነፍም። ጥርስ ከአክሪሊክ ሲገናኝ ሁለቱም የማይበገሩ ስለሆኑ ንክኪው ደረቅ ነው።

የትኛው ይሻላል? የአንድ ቃል መልስ የለኝም። በአክሪሊክ የሚሠራ ሰው ማእዘኖቹን አብልጦ ማድበስበስና ጫፉን አብልጦ ማሳሳት አለበት፤ ኤቦናይት ይቅር የሚለውን ስሕተት አክሪሊክ አይምርም። እኔ ምሕረት የሌለውን ቁስ መርጬ፣ ምሕረት የሚያሻውን ቅርጽ ሰጠሁት።

እንዴት ይፈተናል?

ተማሪዎቼን የማስተምረው የፍተሻ ሥርዓት ቀላል ነው። በመጀመሪያ ካሊፐር፤ የጫፉ ውፍረት፣ የጉብታው ከፍታ፣ የቦዩ ወርድ ይለካል። ቀጥሎ ትንፋሽ፤ ባዶው ፒፓ ሲሳብ ፉጨት ካለው የሆነ ቦታ ድንገተኛ ጥበት አለ ማለት ነው። ሦስተኛ የጣት ጥፍር፤ ጥፍር በገጹ ላይ ሲሄድ የሚይዘው ነገር ካለ ምላስ አስቀድሞ ያገኘዋልና በብርጭቆ ወረቀት ከሻካራው ወደ ለስላሳው ደረጃ በደረጃ ይሠራል። አራተኛውና ዋናው ጊዜ ነው፤ ፒፓው ሳይለኮስ፣ ትምባሆም ሳይገባበት፣ ለግማሽ ሰዓት በጥርስ ተይዞ ሌላ ሥራ ይሠራበታል። ከዚያም አንድ ጥያቄ ብቻ ይጠየቃል፤ «መኖሩን ረስተኸው ነበርን?»

የምቾት ምርጥ መለኪያ መረሳት ነው። የሚመች ነገር ራሱን አያስታውቅም። ሰው «ይመቻል» ብሎ ከሚያመሰግነው ይልቅ ከነመኖሩ የዘነጋው ይበልጣል።

ምቾት ለማን?

አሁን ባልደረባዬ ወዳነሣው ጥያቄ ደረስን።

አባቴ ያለፉት በጉሮሮ ካንሰር ነው። ሐኪሞቹ በሽታውን ከትምባሆው ጋር አያይዘው ነገሩን። ፒፓ የሚያጨስ ሰው ጢሱን ወደ ሳንባው ባይስብም እንኳ ለከንፈር፣ ለአፍ፣ ለጉሮሮና ለሳንባ ካንሰር እንደሚጋለጥ የሕክምና ሳይንስ ያረጋገጠው ጉዳይ ነው። ከቀብራቸው በኋላ ንብረታቸውን ስናስተካክል ፒፓውን አገኘሁት፤ አሮጌው መምጠጫ እንደተገጠመ ነበር። ካሊፐር አውጥቼ ጥርሳቸው ያረፈበትን ቦታ ለካሁ። በትክክል 4 ሚሊሜትር ነበር።

በተማሪነቴ የሚመች መምጠጫ ስላልሠራሁላቸው ለዓመታት አዝኜ ነበር። በዚያች ቀን ግን ሐዘኔ መልኩን ለወጠ። ሠርቼ ቢሆንስ? የእኔ መምጠጫ ለአንድ ምሽት ከፒፓው አራርቋቸው ነበር፤ ብልሃቱን ባውቅ ኖሮ ይበልጥ አቀርባቸው ነበር። ከላይ መለኪያው መረሳት ነው ብያለሁ። እንግዲህ የሚመች መሣሪያ የሚያስረሳው ራሱን ብቻ አይደለም፤ የሚያስከፍለውን ዋጋም ያስረሳል። ምላስ ሲለበለብ ሰው ፒፓውን ያስቀምጣል፤ ሳይለበለብ ሲቀር ግን የሚያስታውሰው የለም።

ስለዚህ ለባልደረባዬ የምመልሰው ይህን ነው። ፒፓ እንድትሠሩ አላስተማርኋችሁም። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ዝግ በሆኑ ሕዝባዊ ቦታዎችና በሥራ ቦታዎች ማጨስን መከልከሉ ተገቢ ነው፤ ደግፌዋለሁም። ፒፓን የመረጥሁት የምቾት ዕውቀት የቱን ያህል ኀይል እንዳለው፣ ኀይሉም ለማን እንደሚያገለግል በአንድ ጊዜ ስለሚያሳይ ነው። በቀናነት የሚሠራ ነዳፊ «እኔ ምቾቱን ነው የሠራሁት፤ አጠቃቀሙ የተጠቃሚው ነው» ሊል ይችላል። እኔም በዚያ ዕድሜዬ እንዲያ እል ነበር። አሁን አልልም። መሣሪያውን ለሰው አካል ያስማማ ሰው፣ መሣሪያው በአካሉ ላይ ከሚያደርሰው ነገር ድርሻ አለው።

የተማርነው ግን ከፒፓ ጋር አብሮ መቃጠል የለበትም። የሳንባን አቅም የሚለካው ስፓይሮሜትር የአፍ ቁራጭ አለው። የአስም ሕመምተኛ መድኃኒቱን የሚስበው በአፍ ቁራጭ ነው። በእነዚህም ላይ ጥርስ ያርፋል፣ ከንፈር ይገጥማል፣ ትንፋሽ ያልፋል። ከንፈር ካልገጠመ አየር ያፈተልካል፤ ልኬቱም ይሳሳታል። ጫፉ ወፍራም ከሆነ ትንሽ ልጅ ወይም መንጋጋቸው የደከመ አረጋዊት እናት በቅጡ አይዙትም። ጢስ ላይ ያየናቸው ችግሮች በሙሉ እዚህ አሉ፤ ልዩነቱ በዚህኛው የሚሳበው መድኃኒት መሆኑ ነው። በዚህ ሴሚስተር የወርክሾፕ ትምህርታችሁ የመጨረሻ ሥራ እንዲህ ያለ የአፍ ቁራጭ መንደፍ ይሆናል። 4 ሚሊሜትሯን እንዳትረሱ፤ ካሊፐራችሁን ይዛችሁ ስትመጡ ግን የሚጠቀምበትን ሰው አፍ አስቀድማችሁ ጠይቁ።

በመጨረሻ አንድ ነገር ልጨምር። ኤቦናይት አንድ ባሕርይ አለው፤ በጥርስ የጎደጎደ ቦታ በመጠኑ ሲሞቅ ወደ ቀድሞ ቅርጹ ይመለሳል። የአባቴን የጥርስ አሻራ በአንድ ደቂቃ ማንሳት፣ ገጹንም ወልውዬ እንደ አዲስ ጥቁር ማድረግ እችላለሁ። አላደረግሁትም። ፒፓው በቢሮዬ መደርደሪያ ላይ ከነአሻራው አለ፤ እኔ የሠራሁት የሚያበራው አክሪሊክም በአጠገቡ ነው። ሥራችሁን ልታሳዩኝ ስትመጡ ሁለቱንም እንድትለኩ እጋብዛችኋለሁ።

 ጥያቄ ያላችሁ፣ ጊዜው የእናንተ ነው።